እጅ ከማውጣታችን በፊት

ፀጉራችን አብሮ ለሸበተ፣ ከአንድ ዘመን እሳት ተርፈን በሰው ሀገር አብረን ላረጀን እኩዮቼ ይህን እጽፋለሁ። የምፈራው ለልጆቻችን ቢሆንም የምናገረው ለእኛ ነው፤ ጦርነት ምን ምን እንደሚሸት ማንም ሳይነግረን የምናውቀው እኛ ነንና፤ የሚያውቅ ዝም ባለበት ሸንጎ የማያውቅ እንደሚፈርድም ዕድሜዬ አስተምሮኛልና። ያየሁትን ሳልናገር ብሞት አፈሩ የሚከብደኝ ይመስለኛል።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚህ ቨርጂኒያ በአንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ካርታ ያሳያል፤ በካርታው ላይ ቀስቶች ወዲያና ወዲህ ይሄዳሉ፤ የጦር መርከቦች ስም ይጠራል። ከመካከላችን አንዱ «መምታት ነው!» አለ፤ ሌላው ቀድሞ መመታት እንደነበረበት ተናገረ፤ ሦስተኛው በሚመጣው ምርጫ ነገሩ የሚጠቅመው የትኛውን ፓርቲ እንደሆነ ያሰላ ጀመር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀዳ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ቋንቋውን በማናውቀው፣ መንደሩን ባላየነው፣ ልጆቹን በማናውቃቸው አንድ ሕዝብ ላይ ፈርደን ጨረስን። በወጣትነቷ ባሏን፣ በጎልማሳነቷ የበኩር ልጇን ለጦርነት የገበረች አንዲት እኅታችን ግን ወሬው እንደተነሣ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ ማንም ሳያዛት ስኒዎቹን ትሰበስብ ጀመር። ምን ታስቢያለሽ ያላት አልነበረም። እኔም አላልኳትም። በረካውን ሳንጠጣ ተበተንን፤ እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ።

እኛ የመጣነው ማንም ሳይጠይቀው ከዘመተ ሕዝብ መካከል ነው። በ1969 ዓ.ም. ሬዲዮው የሰልፍ ሙዚቃ ሲያሰማ፣ የእናት ሀገር ጥሪ ሲታወጅ፣ ታላቅ ወንድሜ ከገበሬዎቹ ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር የሄደበትን ጠዋት አስታውሳለሁ፤ የተመለሰበትን ቀን ግን አላስታውስም፣ አልተመለሰምና። ሀገር በምሥራቅ ተወርሮ ነበር፤ ጥሪው እውነት እንደነበረ አልክድም። ነገር ግን ያው መለከት ከዚያ በኋላ ለዓመታት ወንድምን በወንድም ላይ ወደ ሰሜን ሲጠራ፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አንደበት በምድሪቱ አልተገኘም፤ የተገኘውም አልሰነበተም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ማታ ማታ የውጭውን በር አትቀረቅርም ነበር። የሱዳንን በረሃ ሳቋርጥ ራሴን የማጽናናው አንድ ቀን ገዥ ብቻውን ጦርነት የማያውጅበት፣ ልጅ ከመዝመቱ በፊት አባት የሚጠየቅበት ሀገር እገባለሁ እያልኩ ነበር። ደግሞም ገባሁ። ለዜግነት ፈተና ሳጠና፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጦርነት የማወጅን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ሳይሆን ሕዝብ ለመረጠው ኮንግረስ መስጠቱን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የእናቴ በር እዚህ ቢሆን ኖሮ ይቀረቀር ነበር ብዬ አሰብኩ።

መጠየቅ ብቻውን እንደማያድን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ታክሲዬ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ብዙ ዓመት ስነዳ፣ ከ58 ሺህ የሚበልጡ ስሞች ወደተቀረጹበት የቬትናም ጦርነት ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ ያደረስኳቸው እናቶች ቍጥር የላቸውም። ወረቀት በድንጋዩ ላይ አስደግፈው፣ የልጃቸው ስም በወረቀቱ ላይ እስኪወጣ በእርሳስ ቀስ እያሉ ሲያሹ አይቻለሁ፤ ያንንም ወረቀት እንደ ሕፃን ታቅፈው ወደ መኪናዬ ሲመለሱ የሒሳብ ቆጣሪውን ማየት አሳፍሮኛል። ዓመቶቹን ከዚህ በኋላ በፈረንጆች አቆጣጠር ልጥራና፣ ያ ግድግዳ የተጀመረው በኦገስት 1964 ነበር ማለት ይቻላል። በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ የአሜሪካ መርከቦች በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተጠቁ ተባለ፤ የመጀመሪያው ጥቃት እውነት ነበረ፤ ሁለተኛው ግን እንዳልተፈጸመ ውሎ አድሮ ታወቀ። ነገሩ ሳይጣራ፣ በኦገስት 7፣ የተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ ሴኔቱ 88 ለ2 በሆነ ድምፅ ለፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን አስፈላጊ የመሰላቸውን ሁሉ እንዲያደርጉ ፈቀዱ። እንግዲህ እነዚያ እናቶች ተጠይቀው ነበር፤ በእንደራሴዎቻቸው በኩል እጃቸውን አውጥተው ነበር። የተጠየቀው ሁሉ እሺ ያለበት ቀን፣ ከማይጠየቅበት ቀን በምን ይሻላል?

በዚያን ቀን እምቢ ያሉት ሁለቱ ሴናተሮች፣ የኦሪገኑ ዌይን ሞርስና የአላስካው ኧርነስት ግሪኒንግ ነበሩ። ሁለቱም በ1968 በተደረገው ምርጫ ወንበራቸውን አጡ። ምርጫ በብዙ ነገር እንደሚወሰን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከእነርሱ በኋላ የመጡት እንደራሴዎች ከዚህ የተማሩት ትምህርት ግልጽ ነው፤ ከብዙኃኑ ጋር የተሳሳተ ይማራል፣ ብቻውን የቀና ይወርዳል። ይህን ትምህርት ያስተማራቸው ደግሞ ጄኔራል አይደለም፣ የጦር መሣሪያ ነጋዴም አይደለም፤ የምርጫ ካርድ የያዘ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ሰው ነው። እንደራሴ የመራጩ ጥላ ነው፤ ባለቤቱ ሲያጎነብስ ጥላው ቀጥ ብሎ አይቆምም።

በኦክቶበር 2002 ይህ ሁሉ በዓይናችን ፊት ተደገመ። ኢራቅ አደገኛ መሣሪያ ደብቃለች ተባለ፤ ለአጋማሽ ዘመን ምርጫ አንድ ወር እንኳ ሳይቀር፣ የተወካዮች ምክር ቤት 296 ለ133፣ ሴኔቱ 77 ለ23 በሆነ ድምፅ ጦርነቱን ፈቀዱ። በማርች 2003 የእንግሊዝ ፓርላማም 412 ለ149 በሆነ ድምፅ ተከተለ፤ ያ ውሳኔ ከመሰጠቱ ከአንድ ወር በፊት በዓለም ከተሞች ሚሊዮኖች አደባባይ ወጥተው ነበር፤ ጩኸታቸው ግን ከአዳራሹ ግንብ አላለፈም። የተባለው መሣሪያ አልተገኘም። ከ4 ሺህ በላይ የአሜሪካ ወታደሮች፣ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ የኢራቅ ሰላማዊ ሰዎች አለቁ። እንግሊዞች የሆነውን የሚመረምር ጉባኤ በጆን ቺልኮት ሰብሳቢነት አቋቁመው፣ በ2016 ሁለት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ቃላት የሚሆን መዝገብ አወጡ፤ ጦርነቱ የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ እንዳልተጀመረም አረጋገጡ። አሥራ ሁለት ቅጽ የሞላ እውነት ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ መጣ። ከመቃብር በኋላ የሚመጣ እውነት ለታሪክ ይጠቅማል፤ ለሟች እናት ግን ሁለተኛ ሐዘን ነው።

ያ የ2002 ውሳኔ በተሰጠበት ሰሞን እኔ የት ነበርኩ? ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ እናገራለሁ። አንድ እንደራሴ መራጮቹን ባወያየበት አዳራሽ፣ ከኋላ ረድፍ ተቀምጬ ነበር። ማይክሮፎኑ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እስከ ጎኔ ደረሰ። ልጠይቀው የፈለግሁት ጥያቄ በከንፈሬ ላይ ነበር፤ መረጃውን በዓይንዎ አይተውታል ወይስ ተነግሮዎት ነው፣ የኢራቅ ዋና ከተማ ከተያዘች በኋላ ሌሊቱን ማን ያድርላታል ልለው ነበር። ነገር ግን አነጋገሬ መጤነቴን ይናገርብኛል ብዬ ፈራሁ፤ ካልተስማማህ ወደ መጣህበት ተመለስ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ልጄ በትምህርት ቤት ይሸማቀቃል ብዬ ፈራሁ። ማይክሮፎኑን ለቀጣዩ ሰው አሳለፍኩት። ጥይት የተተኮሰበትን ከተማ ያየሁ እኔ ዝም ስል፣ ጥይት በፊልም ያየ ወጣት ተነሥቶ ተናገረ፤ አዳራሹም አጨበጨበለት። ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

እንዲህ ያለው ዝምታ በእኔ እንዳልተጀመረ የተረዳሁት በእርጅናዬ፣ የግሪኩን የቱሲዲደስን የታሪክ መጽሐፍ ሳነብ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 ዓመት፣ ሕዝብ ተሰብስቦ እጅ እያወጣ በሚወስንባት በአቴና ከተማ፣ ወደ ሩቋ የሲሲሊ ደሴት እንዝመት የሚል ነገር ተነሣ። የሲሲሊዋ ሴጌስታ ከተማ፣ የጦርነቱን ወጪ እኛ እንችላለን ብላ ነበርና አቴናውያን ሀብቷን የሚያዩ መልእክተኞች ላኩ። የሴጌስታ ሰዎች የወርቅና የብር ዕቃ ከየቦታው ተዋሱ፤ እንግዶቹ በተጋበዙበት ቤት ሁሉ ያንኑ ዕቃ ከቤት ወደ ቤት እያዘዋወሩ አቀረቡላቸው። መልእክተኞቹም ዓይናቸው ፈዝዞ፣ ሀገሪቱ በወርቅ ተሞልታለች ብለው ተመለሱ። ሸንጎውም በተውሶ ስኒ ላይ ተመሥርቶ ዘመቻውን ወሰነ። በዘመናችን ካርታና የሳተላይት ፎቶ ዘርግተው ያሳመኑንን ሳስብ፣ ያ ስኒ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት ሙሉ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር የኖረ ይመስለኛል።

በዚያ ሸንጎ ኒኪያስ የሚባል በዕድሜ የገፋ የጦር አዛዥ ተነሥቶ ዘመቻው ጥፋት እንደሆነ ተናገረ። ከሁሉም ይልቅ ልቤን የነካው ለእኩዮቹ ያቀረበው ልመና ነው፤ ከወጣቶቹ ጎን የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ለይቶ፣ ፈሪ እንዳይባሉ ተሸማቅቀው ለጦርነት እጅ እንዳያወጡ ለመናቸው። አልሰሙትም። የዘመቻውን ክብደት አይተው ይመለሳሉ ብሎ እጅግ ብዙ መርከብና ሠራዊት እንደሚያስፈልግ ቢነግራቸው፣ የጠየቀውን ሁሉ በደስታ ሰጡት። በልባቸው የተቃወሙትም ሀገር የሚጠሉ እንዳይመስሉ ፈርተው ዝም እንዳሉ ቱሲዲደስ ጽፏል። ስድሳ መርከብ ሊሆን የታሰበው ዘመቻ ከመቶ ሠላሳ በላይ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚያ ሁሉ መርከብ አንድም በሰላም አልተመለሰም፤ ሰባት ሺህ ያህል ምርኮኞች በሲራኩስ የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ታጉረው ብዙዎቹ በረሃብና በጠራራ ፀሐይ አለቁ፤ ዘመቻውን የተቃወመው ኒኪያስ ራሱ ዘመቻውን እንዲመራ ተደርጎ በጠላት እጅ ታረደ። አቴናን ያጠፋት የሲራኩስ ሰይፍ ብቻ ነው የሚል ይሳሳታል፤ ሰይፉ ከመመዘዙ በፊት በገዛ ሸንጎዋ ውስጥ የሽማግሌዎቿ ምላስ ታስሮ ነበር።

ማስጠንቀቂያዬን ግን በጦርነት ሁሉ ላይ የተነገረ አድርጋችሁ አትውሰዱብኝ። የሚጠየቅ ሕዝብ የማይገባውን ጦርነት እንደሚመርጥ ሁሉ፣ የሚገባውንም ይተዋል፤ ይህንን ደግሞ ከማንም በላይ እኛ እናውቃለን። አባቴ ከማይጨው የተመለሰው በአሸንጌ ዳር ከአውሮፕላን የዘነበው መርዝ ያቃጠለውን ትከሻ ይዞ ነው፤ በክረምት ልብስ ሲነካው የሚያሰማው ድምፅ የልጅነቴ ትዝታ ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1935፣ ከ11 ሚሊዮን የሚበልጡ እንግሊዛውያን ቤት ለቤት በተሰበሰበ የሕዝብ ድምፅ ተጠይቀው፣ ወራሪን ሀገር በኢኮኖሚ ማዕቀብ ማስቆምን ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ደግፈዋል፤ በጦር ኃይል ጭምር ማስቆምን የደገፉትም ከስድስት ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ኢጣሊያ በኦክቶበር ወረረችን። የእንግሊዝ መንግሥት በመንግሥታት ማኅበር ሕግ እጸናለሁ ብሎ በኖቬምበር ምርጫውን አሸነፈ፤ አንድ ወር ሳይሞላው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ጋር ተቀምጦ ከሀገራችን ሰፊውን መሬት ለወራሪው በሚሰጥ ውል ተስማማ። ማኅበሩ በኢጣሊያ ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን ሳይነካ ቀረ፤ የስዊዝ ቦይ ለኢጣሊያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ በጁን 1936 ጄኔቭ ላይ ቆመው አቤት ካሉ በኋላ ባሉት ቀናት ማዕቀቡ ጨርሶ ተነሣ። የአባቴን ትከሻ ያቃጠለው መርዝ በኢጣሊያ ተሠራ፤ መንገዱን የከፈተለት ግን ከምርጫ በፊት የተሰጠ፣ ከምርጫ በኋላ የተረሳ ቃል ነው።

ይህም በዘመናችን ተደግሟል። በ1992 መጨረሻ በሶማሊያ የተራቡ ሕፃናት ምስል በየቤቱ ስለታየ የአሜሪካ ጦር ሞቃዲሾ ገባ፤ በኦክቶበር 1993 የአሥራ ስምንት ወታደሮች ሞት በየቤቱ ስለታየ ደግሞ በሚቀጥለው ማርች ወጣ። ወጥቶ ወር እንኳ ሳይሞላው ሩዋንዳ ነደደች። በመቶ ቀናት ውስጥ ስምንት መቶ ሺህ ያህል ሰው ሲታረድ፣ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በዚያ የነበረውን ሰላም አስከባሪ ኃይል ወደ 270 ሰው እንዲቀነስ ወሰነ። ኃያላኑ የዘር ማጥፋት የሚለውን ቃል እንኳ ከአፋቸው ለማውጣት ተሳቀቁ፤ ቃሉ ግዴታ ያመጣልና። እኩዮቼ ሆይ፣ ሚዛኑን ተመልከቱት። በአንዱ ሰሃን ላይ ስምንት መቶ ሺህ ነፍስ፣ በሌላው ላይ የመራጩ የትናንት ድንጋጤ ተቀምጦ፣ የትናንቱ ድንጋጤ ከበደ። ጦርነት የሚመረጠው የተበደለው ማን ነው ተብሎ ሳይሆን መራጩ ትናንት ማታ ምን አየ ተብሎ ሲሆን፣ የሚዘመትበትም የሚቀርበትም እኩል ዕጣ ይሆናል።

የሊቢያንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በማርች 2011 የእንግሊዝ ፓርላማ ዘመቻውን 557 ለ13 በሆነ ድምፅ ደገፈ። አሜሪካ ውስጥ፣ ከቬትናም ሐዘን በኋላ በ1973 የወጣው ሕግ፣ ፕሬዚዳንቱ ያለ ኮንግረስ ፈቃድ ከ60 ቀን በላይ እንዳይዋጋ ይከለክል ነበር፤ 60 ቀኑ ሲያልፍ ግን መንግሥት፣ ይህ የምናካሂደው የአየር ድብደባ ሕጉ እንደሚለው ያለ ውጊያ አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ ዘመቻውም ቀጠለ። ሰላማዊ ሰዎችን ለማዳን ተብሎ የተጀመረ ነበር፤ ለማዳን ያሰቡትም ከልባቸው ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን መንግሥት ከፈረሰ በኋላ ምድሪቱን ማን ይጠብቃት የሚለውን ያሰበበት አልነበረም። በአፕሪል 2015፣ በዚያች ጠባቂ ባጣች ምድር፣ እንጀራ ፍለጋ ባሕር ሊሻገሩ የሄዱ ወንድሞቻችን በአሸባሪዎች እጅ ሲታረዱ የሚያሳየውን ምስል ያየን ሁሉ፣ ያን ሳምንት ነጠላችንን ዘቅዝቀን ለብሰናል። ያን ደም ያፈሰሱት ገዳዮቹ ናቸው፤ ይህን አልሸሽግም። ግን ለንደን ውስጥ 557 እጅ ሲወጣ፣ የሚከፍቱት በር በስተመጨረሻ ማንን እንደሚያስገባ የጠየቁት ጥቂት ነበሩ፤ ሩቅ የተወረወረ ድንጋይም የማን ቤት ላይ እንደሚያርፍ ወርዋሪው አያውቅም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በዚህች ሀገር የግዴታ ውትድርና በ1973 ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ጦርነትን የሚወስነውና ጦርነት የሚሄደው ሰው ተለያዩ። ወሳኙ ቤቱ ይቀራል፤ ግብሩ አይጨመርበትም፣ ገንዘቡ በብድር ይመጣልና፤ ብድሩን የሚከፍለው ገና ያልተወለደ ነው። የሚዘምተው የኮሌጅ ክፍያ የከበደው ልጅ ነው፤ የመጤ ልጅ ነው፤ ከመካከላችንም ልጃቸው የወታደር ልብስ ለብሶ የተነሣው ፎቶ ሳሎናቸው የተሰቀለ አሉ። ኮንግረስ በሕጉ መሠረት ጦርነት ያወጀው ለመጨረሻ ጊዜ በ1942 ነው። የእኛው ቃኘው ሻለቃ ከመቶ ሃያ በላይ ልጆቹን በኮረብታዎቿ ላይ የገበረባት የኮሪያ ጦርነት እንኳ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን ጦርነት ለመባል አላበቋትም፤ የፖሊስ እርምጃ መባሉን ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሲለዋወጥ ኖረ፤ እርምጃ ተባለ፣ ፈቃድ ተባለ፣ ዘመቻ ተባለ። በሴፕቴምበር 2001 በስድሳ ቃላት የተጻፈ አንድ የጦርነት ፈቃድ አንቀጽ፣ በተወካዮች ምክር ቤት ባርባራ ሊ ብቻዋን እምቢ ስትል 420 ለ1 ጸድቆ፣ ድምፅ የሰጡት ያላሰቧቸው ሀገሮች ድረስ ለሃያ ዓመት ወታደርና አውሮፕላን አሻገረ። እርሷም በሰጠችው አንድ ድምፅ ምክንያት የግድያ ዛቻ ደርሷት በጠባቂ ትሄድ ነበር። ስሙን ያጣ ነገር ባለቤቱን ያጣል፤ ባለቤት የሌለው ጦርነትም ማብቂያ የለውም።

እንግዲህ የሚታየኝን ልንገራችሁ። ሕዝብ ሲጠየቅ ሳያስብ እሺ ማለትን ከለመደ፣ ቀጥሎ የሚጠይቀው ይቀንሳል፤ ለይስሙላ የሚጠየቅን ሰው መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነውና። አሁንም ቢሆን ሰው በሌለባቸው አውሮፕላኖች ቦምብ ሲጣል፣ ማለዳ በዜና እንሰማለን እንጂ ትናንት ማታ የጠየቀን የለም። ዛሬ ለምክር ቤቱ መንገር የቀረ እንደሆነ፣ ነገ ለሕዝቡ መንገር ይቀራል። ከዚያም አንድ ቀን የልጅ ልጆቻችን በዚህች ሀገር፣ እኛ በሀገራችን አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. በሰማነው ዓይነት ሬዲዮ፣ የሰልፍ ሙዚቃ ሰምተው ይነቃሉ፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አንደበት ሲፈልጉ አያገኙም። እናቶቻቸውም ማታ ማታ በር ሳይቀረቅሩ ያድራሉ። በረሃ አቋርጠን የሸሸነውን ነገር፣ በዝምታችን ተሸክመን ያመጣነው እኛ እንሆናለን። ከዚህ የሚበልጥ ሐዘን አላውቅም።

ይህ ግን ገና አልሆነም፤ የምጽፈውም ገና ስላልሆነ ነው። ያ በ1935 የተፈረመው ክፉ ውል እንኳ በጋዜጣ በወጣ ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጥቶ ውሉ ፈርሷል፤ ሳሙኤል ሆርም በአሥር ቀን ውስጥ ከሥልጣኑ ወርዷል። ነዳጁንና ቦዩን ሳይዘጋ ቁጣው ቀድሞ በረደ እንጂ፣ የሕዝብ ድምፅ ኃይል አልነበረውም አይባልም። ኃይሉ አሁንም አለ። የእንደራሴዎቻችን ስልክ ይነሣል፤ የሚያወያዩበት አዳራሽ በሩ ክፍት ነው፤ ማይክሮፎኑም ተመልሶ በኋላ ረድፍ ያልፋል። በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን መጠየቅ ይቻላል፤ መረጃውን ያየው ማን ነው፣ የሚሞተው የማን ልጅ ነው፣ ድሉ ከመጣ በማግስቱ ጠዋት ምን ይሆናል፣ ዝም ብለን የምንተወውስ ማን ይሞታል ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ ዝመቱ የሚል ቢሆን እንኳ፣ ተጠይቆና ተመልሶ የተጀመረ ጦርነት ባለቤት አለው። ብቻውን የቆመውን እንደራሴ ደግሞ፣ ባንስማማበት እንኳ፣ አናውርደው፤ ቀን ሲጨልም የምንፈልገው እርሱን ነው።

ለመጀመሪያው ግን አዳራሽ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደገና እንሰባሰባለን። ቴሌቪዥኑ እንደገና ካርታውን ያሳያል። እባካችሁ ያን ጊዜ ድምፁን ቀንሱልኝ፤ ያቺ እኅታችን ስኒ ለመሰብሰብ ስትነሣም እጇን ይዘን መልሰን እናስቀምጣት። ማንም ከመፍረዱ በፊት እርሷ ትናገር። የምትለው ምናልባት አንድ ቃል ይሆናል፤ ምናልባትም ታለቅሳለች። እንስማት፤ ቶናው ቢቀዘቅዝም ይቀዝቅዝ። በረካው ገና አልተቀዳም።